የንብረት ቁጥሩን ስለማያውቀው ኪቦርድ

ለወረዳችን የመሬት ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ
ካሉበት

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 20 ቀን 2005 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ከአሥራ አንድ ቀኑ ስልጠና በሰላም ስለተመለሱ አልሐምዱሊላህ። የቢሮዎ ቬንትሌተርም ደህና መሆኑን ሰምቼ እፎይ ብያለሁ፤ በዚህ በእኛ ሙቀት አንድ ኃላፊ ያለ ቬንትሌተር እንዴት አድርጎ ይወስናል እያልኩ እጨነቅ ነበር። የጽሕፈት ቤቱን ሙሉ ስም ያልጻፍኩት ከአክብሮት የተነሳ እንደሆነ ይረዱልኝ።

እኔ ፋዲላ አብዱረሂም እባላለሁ፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለችኝ። አባቴ በመስከረም ካረፈ በኋላ የመስኖ መሬታችን ደብተር ወደ እናቴ ወደ ወይዘሮ ዓሊያ ስም እንዲዞር አመልክተን ነበር። ምስክሩም ፊርማውም ተሟልቶ የቀረው ከማሽንዎ ታትሞ መውጣቱ ብቻ ነው። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባታችን ጋሼ ግርማ ደግሞ ሰው ማስቀየም የማይወዱ፣ መመሪያን ግን የሚፈሩ ሰው በመሆናቸው፣ ስሟ ያለበትን ደብተር ሳያዩ ለእናቴ የውሃ ተራ ሊሰጧት አልቻሉም። እናቴ ያፈላችው የሽንኩርት ችግኝ ተነቅሎ ለመተከል የደረሰው በጥር ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነበር። ይህ እንግዲህ ከስድስት ሳምንት በፊት መሆኑ ነው። ስለዚህ የተጠራቀመ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. መጽሐፍ የምታህለውን ያችን አዲስ ኮምፒውተር ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ጠንቃቃ ፍጥረት ናት። ስትነሳ በሆዷ የተጻፈውን ዝርዝር ታነባለች፤ የሚሰካባት ኪቦርድም ሆነ ማውስ ሲወለድ ከፋብሪካው የተሰጠውን ቁጥር ይነግራታል፤ ቁጥሩ ከዝርዝሩ ከሌለ ፊት ትነሳዋለች። ማንም መንገደኛ የራሱን ዕቃ ሰክቶ የሰው መሬት እንዳይነካ የተደረገ በመሆኑ ጥሩ ሐሳብ ነው። እርስዎም ስለተማመኑባት ደብተር በእጅ መጻፍ እንዲቆም አዘዙ።

2ኛ. የመጀመሪያው ኪቦርድ ላይ የፓፓያ ጭማቂ ያፈሰሱትን እንግዳዎን ይቅር ብያለሁ፤ ሰው ናቸው። አዲሱ ኪቦርድ ከደብረ ብርሃን ሲመጣ ባለሙያዋ ወይዘሪት ሳምራዊት የፋብሪካውን ቁጥር በዝርዝሩ ላይ አስገባች፤ ማሽኗም ተቀበለችው። ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ ኖሮ እናቴ ዛሬ ሽንኩርቷን እየኮተኮተች ነበር። ነገር ግን የንብረት ክፍሉ አቶ አየለ፣ ሞዴል 19 የተቆረጠለት የመንግሥት ንብረት በፈረንጅ ቁጥር መመዝገብ የለበትም ብለው አቤት አሉ። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ የፋብሪካው ቁጥር ተሰርዞ ኪቦርዱ ጀርባ ላይ በስቲከር የተለጠፈው መ/አ/ን/0047/05 እንዲገባ በደብዳቤ አዘዙ። ሳምራዊት እንደታዘዘችው በአማርኛ ፊደል አስገባችው። ኪቦርዱ ግን፣ ምስኪን፣ ጀርባው ላይ ምን እንደተለጠፈ አያውቅም። ማሽኗም ያንን መስመር ማንበብ ሲያቅታት ዝርዝሩን እንዳለ ትታ ምንም ያላጠፋውን ማውስ ሳይቀር አባረረችው።

3ኛ. ከዚህ በኋላ ዝርዝሩን ለማረም ኪቦርድ ያስፈልጋል፤ ኪቦርዱ እንዲሠራ ደግሞ ዝርዝሩ መታረም አለበት። ወይ ጉድ! ሳምራዊት ጨንቋት ወደ ሱቄ መጣች። ዝርዝሩ ያለው ጥፍር በምታክል ካርድ ላይ ስለሆነ፣ ካርዷን አምጥተን በእኔ ኮምፒውተር ላይ አንዲት መስመር ብንመልስ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ በነጻ ልሠራው ቃል ገባሁ፤ እናንተው ግቢ ድረስ ላፕቶፔን ይዤ እመጣለሁም አልኩ። የተሰጠኝ መልስ እኔ ባለድርሻ አካል አለመሆኔን፣ ካርዷም ያለ እርስዎ ፊርማ ከቦታዋ እንደማትነቃነቅ ነበር። እርስዎ በዚያ ሰሞን ስልጠና ላይ ነበሩ። የስልጠናው ርዕስ ቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ እንደነበር ተነግሮኛል።

4ኛ. ሲመለሱም ካርዷን ከማስወጣት ይልቅ ግምገማ ስለጠሩ አመሰግናለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጣችሁ ሳምራዊት የአመለካከት ችግር እንዳለባት አረጋገጣችሁ፤ ሒሷን ዋጠች። አቶ አየለ በንብረት አያያዝ ተመሰገኑ። ማሽኗ አልተገመገመችም፤ እሷ ግን በአቋሟ ጸንታለች።

5ኛ. ይህኛውን ምስጋና እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ አንጀቴ አሯል። እናቴ ስድስት ሳምንት ሙሉ ከቀበሌያችን እስከ ቢሮዎ በእግሯ ተመላልሳለች፤ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ ማሽኗ ተሻላት ወይ ብላ እንደ ሰው ነው የምትጠይቀው። ቦዩ በማሳችን ዳር እያለፈ ውሃው ወደ ሌላው ሲሄድ፣ እሷ በጀሪካን እየቀዳች መደቡን ስታጠጣ ከረመች። ችግኙ መጀመሪያ የመተከያ ጊዜው አልፎበት ወፈረ፣ ከዚያ ጫፉ ቢጫ ሆነ፣ ባለፈው ሳምንት ተኛ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ያፈላችው የመጀመሪያው ችግኝ ነበር። እኔ ልጇ ኮምፒውተር እጠግናለሁ እያልኩ የአንዲት መስመር ስህተት ማስተካከል ተከልክዬ ቆሜ አየሁ። ይህ ያሳፍረኛል፤ እርስዎንም ትንሽ ቢያሳፍርዎ ደስ ይለኛል።

በመጨረሻም፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ኢንሻአላህ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ ስልጠናዎ እንዲበዛ፣ ስቲከርዎም እንዳይላቀቅ እመኛለሁ።

ከማይነጥፍ አክብሮትና ከአሥር ደቂቃ ሥራ ጋር፣
ባለድርሻ ያልሆነችው
ፋዲላ አብዱረሂም

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ከጽሕፈት ቤትዎ ለእናቴ የጥሪ ወረቀት ደረሳት፤ በእጅ የተጻፈ ነው። የፊታችን ሐሙስ የዞን እንግዶች በተገኙበት ማሽኗ ስለምትመረቅ፣ ወይዘሮ ዓሊያ በሞዴል ሴት አርሶ አደርነት የመስኖ ሽንኩርቷን ይዛ ለእይታ እንድታቀርብ ይላል። እናቴ ጥሪ አክባሪ ናት፤ ትመጣለች። ያላትን በማዳበሪያ ከረጢት አስራ ጨርሳለች፤ ደረቅ ስለሆነ ቀላል ነው፣ ተሸካሚ አያስፈልጋትም። ጠረጴዛ ብቻ ያዘጋጁላት።