ለማሩ ነው ለኔ?

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ዝናብ ሲጀምር ያምሽ የለ፣ መቼም አንቺ ሱቁ ውስጥ ቆመሽ ነው የምትውዪው። ታናሿስ ትምህርቷን ትማራለች? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ግን ፈርቻለሁ፣ ለዛ ነው የምጽፍልሽ። ያልደወልኩት አንቺ ስልክ ላውድ ላይ አድርገሽ ስለምታወሪ ነው፣ ማር ሊሸጥ የመጣው ሁሉ አብሮሽ ይሰማኛል። ይሄን ብቻሽን አንብቢው። ጽሁፌ አያምርም፣ ስቸኩል ደሞ ይብሳል፣ ቀስ እያልሽ አንብቢው።

እሁድ ሽማግሌ ይመጣብሻል። እማ እሺ እንዳትያቸው። እንቢም እንዳትያቸው። ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ጋሽ ሰብሃት፣ የማር ድርጅታችን ባለቤት፣ አዲስ አበባ ስልጠና ሄደው ነበር። ከመጡ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነዋል። ድሮ ማሩን ቀመስ አድርገው ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ ውሃ አለው ብለው ይሄዱ ነበር፣ አሁን ስትራቴጂ ይላሉ፣ ተፎካካሪ ይላሉ፣ የማያድግ ድርጅት እየሞተ ነው ይላሉ። አበዛሽ፣ አብራኝ ማር የምታጣራዋ፣ እኛማ ከሞትን ስንት ዓመታችን ነው፣ ደሞዛችን አድጎ አያውቅ አለችና ሳቅን።

ማክሰኞ ስብሰባ ተቀመጡ። እኔ ባልዲ እያጠብኩ ነበር፣ ግድግዳው ችፑድ ነው፣ ሁሉ ይሰማል። ጋሽ ሰብሃት የዋጫን ገበያ ይዘናል፣ የደካንም ይዘናል፣ ያቃተን ሺሺንዳ ነው አሉ። ስላንቺ ነው እማ። ዋጋ እንጨምርና ገበሬውን እንውሰድባት ያለ ነበር፣ እሳቸው አይሆንም አሉ። ባለፈው ጨመርን፣ ማን መጣ? ሴትዮዋ ነጩንም ጥቁሩንም ማር ትገዛቸዋለች፣ ሰው ሲሞትባቸው ለቅሶ ትደርሳለች፣ ገበሬው ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ወጥቶ ቢወድቅ ሐኪም ቤት የምታደርሰው እሷ ናት፣ ይሄን በዋጋ አንበልጣትም አሉ። እኔ ኩራት ኩራት አለኝ፣ ማጠቡን ትቼ ቆምኩ።

ከዛ ነው ነገሩ የጠፋብኝ። ከእሷ ጋር ከመታገል ወደኛ ማምጣት ነው አሉ፣ ውህደት ነው የሚባለው፣ ውህደት ደሞ በኛ አገር በሽማግሌ ነው አሉ። ከዛ ድምፃቸው ቀነሰ። ቀጥሎ የሰማሁት፣ ጋሽ ወልደ ማርያምን አስቀድመን እሁድ ለሺሺንዳዋ ሽማግሌ እንልካለን የሚል ነው። የሺሺንዳዋ። እማ እዚህ እኔንም የሺሺንዳዋ ነው የሚሉኝ፣ በስሜ የሚጠራኝ የለም። አንቺንም እዛ ስብሰባ ላይ የሺሺንዳዋ ነው የሚሉሽ። ታዲያ ለየትኛችን ነው?

ለአበዛሽ ብነግራት እልል ልትል ነበር፣ አፏን ያዝኳት። አንቺ ሞኝ፣ ለማር ሽማግሌ ሲላክ የት አይተሻል፣ ላንቺ ነው፣ ለኤርምያስ ነው አለችኝ። ኤርምያስ የጋሽ ሰብሃት ልጅ ነው፣ ማናጀራችን፣ ጅማ ተምሮ የመጣ። ሰው ፊት አንቱ ነው የምለው።

ያስፈራኝ ምን መሰለሽ፣ አንቺን አውቅሻለሁ። ሽማግሌ መቼም ዙሪያውን ነው የሚያወራው፣ ጋሽ ወልደ ማርያም ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጅሽ ላይ ቆመው ከቤትሽ ጋር ልንዛመድ መጣን ካሉሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ አባቷ ይሄን ቢያይ ትያለሽ፣ ከዛ እሺ ትያለሽ። ሽማግሌ ፊት የወጣ እሺ ደሞ አይመለስም። በነጋታው መኪና መጥቶ መጋዘንሽን ያስከፍትሻል፣ ገበሬዎችሽ የነሱ ይሆናሉ፣ አንቺም በገዛ ሱቅሽ ተቀጣሪ ትሆኛለሽ። ወይ ደሞ እንደዛ አይሆንም ይሆናል፣ እኔ እንጃ። ለማሩ መስሎሽ እንቢ ብትያቸውና የመጡት ለኔ ቢሆንስ?

ትናንት ኤርምያስን ጠየቅኩት፣ መጋዘን ውስጥ ሰው ሳይኖር። የእሁዱ ሽማግሌ ለኔ ነው ለማሩ አልኩት። ሳቀ። ምን ልዩነት አለው አለኝ። አባቴ አንድ ላይ ነው የሚያየው፣ አንቺ ቤታችን ከገባሽ እናትሽ ተፎካካሪ መሆኗ ይቀርና ዘመድ ትሆናለች፣ ማንም አይጎዳም አለኝ። እሱ ሲያስረዳ ደስ ይላል፣ ራሴን ነቀነቅኩለት። ስለ አባትህ መች ጠየቅኩህ፣ አንተስ ልለው ነበር፣ ግን ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ። ክፉ ሰው አይደለም እማ። ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ሲያቅለሸልሸኝ ሎሚ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ብቻ ሲያወራ ከኔ ጋር ይሁን ከስብሰባው ጋር አይለይልኝም።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። አስገቢያቸው፣ አብያቸው፣ ዙሪያውን ይናገሩ ዝም በያቸው። ሲጨርሱ፣ ሱቄም ማሬም የኔ ነው፣ አልሰጥም ብል ልጅቷን ትፈልጓታላችሁ ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂልኝ። እኔ መጠየቅ ፈራሁ፣ አንቺ አትፈሪም። ቶሎ የሚመልስ ካለ፣ ወይ እርስ በርስ የሚተያዩ ከሆነ፣ እይልኝ።

ለማሩ ነው ካሉሽ ክረምቱ ይለፍና እንነጋገራለን ብለሽ ሸኚያቸው፣ ክረምቱ ሲያልቅም ሌላ ቀጠሮ ስጫቸው። ለልጅቷ ነው ካሉ ግን እማ ቀጠሮ አታርዝሚባቸው። ልጇን ቶሎ ሰጠች እባላለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል አትበይ። ክረምቱ ይለፍ አትበያቸው። የኛ አገር ክረምት ረጅም ነው፣ እኔ እስከዛ አልቆይም። ለምን እንደሆነ በወረቀት አይጻፍም።

መድኃኔዓለም ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ደጅሽ የሚቆመውን ሁሉ በደግ ያቁምልሽ። ታናሿን ሳሚልኝ። አትቆጪኝ።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ
ከቦንጋ