«ክፈቱት» እያሉ የኖሩት መምህር የሕይወት ታሪክ

መምህራችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው በጥቅምት ወር 1953 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው መተዳደሪያቸው የሆነውን የስፌት መኪና ልጃቸው ፈታትቶ ሲገጥም ዝም ብለው ያዩ ነበር። መምህራችን ፊዚክስ አጥንተው በ1977 ዓ.ም. በኮሌጅ መምህርነት ተቀጠሩ፤ በ1981 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ያስተማሯቸው ልጆች አብዛኞቹ ከቤተሰባቸው ኮሌጅ የረገጡ የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። ቤተ ሙከራን የሚያውቁት በመጽሐፍ ሥዕል ነው። በ2004 ዓ.ም. ለእነዚሁ ልጆች ተብሎ የሳይንስ ሙከራ የሚሠራባቸው ኮምፒውተሮች ለኮሌጁ ተሰጡ። ክፍሉ ግን ተቆለፈ። የኮምፒውተሮቹ የፕላስቲክ ልብስ የሚገለጠው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነበር፤ ተማሪዎች ይቀመጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ እንግዳው ሲሸኝ ይወጣሉ።

ዲኑ ሲጠየቁ፣ «እነዚህ ልጆች መች ነክተው ያውቃሉ? ያበላሹብናል» አሉ።

«ታዲያ የእንግዳ ብርጭቆ ነው እንዴ?» አሏቸው መምህራችን።

«ይተዉ እንጂ ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን አደከመዎት?»

ተማሪዎቹ ከዚያ ወዲህ «ጋሽ ክፈቱት» ይሏቸው ጀመር። እሳቸውም ደጅ መጥናቱን ሳይተዉ፣ በተቆለፈው በር ፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ማስተማር ያዙ። የእጅ ስልክ እንቅስቃሴን ይለካልና በገመድ አንጠልጥለው እያወዛወዙ ሙከራ አሠሩበት። «ያዢው! ያዢው!» ሲባል ወድቆ የተሰነጠቀው የራሳቸው ስልክ ነው። ያን ቀን ገመዱን የያዘችው፣ በፈተና ሁለት ጊዜ ወድቃ ልትሰናበት የነበረችው ተማሪ፣ ዛሬ በዚያው ኮሌጅ የፊዚክስ መምህርት ናት። እሷም የምታስተምረው ኮሪደሩ ላይ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም አልጋ ሲይዙ ኮሌጁ ክፍሉን በስማቸው ሰየመ። ሰሌዳው ተሰቀለ፣ ተጨበጨበ፣ በሩ ተመልሶ ተቆለፈ። ይህን ሲሰሙ፣ «የመቃብሬን ድንጋይ ቀድመው አቆሙልኝ» ብለው ሳቁ። ባለቤታቸው አልሳቁም።

ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በ64 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና ታናሽ እህታቸው ቀርተዋል።

ቤተሰቡ የአበባ ጉንጉን አይቀበልም። ዛሬ በቀብራቸው ላይ የኮሌጁ ኃላፊዎች ከፊት ቆመዋል፤ መምህርቷም ከኋላቸው ቆማለች። ሊያከብሯቸው የመጡ ከሆነ ቁልፉን ለእሷ ይስጡ።

እኛን ያደከመንን ደጅ ጥናት ፈጣሪ በነፍሳቸው አይድገመው፤ ሳያስቆም ያስገባቸው።