የማይጎድለው እንቅብ

ጥር 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይህንንም በግራ እጄ ነው የምጽፈው። በሽታው ቀኝ ጎኔን ከመታኝ ወዲህ በቀኜ ማማተብ እንኳ አቅቶኛል። ከሐኪም ቤት ሲያሰናብቱኝ «ቤትዎ ሆነው ጣትዎን በየቀኑ ያሠሩ» አሉኝ። ልጄ ይህን ሰምታ ጥጥ በእንቅብ አቀረበችልኝ፤ ፍሬውን በቀኝዎ ይፈልቅቁ አለችኝ። ጥጥ መፈልቀቅ የሴት ሥራ ነው! እናቷ ብትኖር በሳቅ ትሞትብኝ ነበር። ሰው እንዳያየኝ በሩን ዘግቼ እፈለቅቃለሁ።

ግን እንቅቡ አይጎድልም። ትናንት ያጋመስኩት ዛሬ ሞልቶ ጠበቀኝ።

«አንቺ፣ ይህ ጥጥ ይወልዳል እንዴ?» አልኳት።

«አባየ ደግሞ! ዓይንዎ ደክሞ ነው።»

ዓይኔስ ደህና ነው። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትስቅ አይቻታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን በደጅ ስታልፍ «እጅዎ ይባረክ» አለችኝ። ምን አድርጌላት? ጥርጣሬዬ ልክ ነው፤ የሷን ጥጥ ነው የምፈለቅቀው!

ተናድጄ ላማትብ ሳላስበው ቀኜን አነሳሁ። እየተንቀጠቀጠ ግንባሬን ነካ፣ ደረቴን ነካ፣ ትከሻዬ ሳይደርስ ወደቀ።

ለልጄ አልነገርኳትም። ብትሰማ የሰፈሩን ጥጥ ሁሉ ታመጣብኛለች። እንቅቡን ግን ወደ መደቤ ጠጋ አድርጌዋለሁ።