በገዛ እጃቸው የሳሉት ካርታ

ጥቅምት 6

ከወንዝ ዳሩ ሰፈር ሰዎች ጋር ስብሰባ። ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ትልቅ ወረቀት ወለሉ ላይ ዘርግቼ፣ የጎርፍ ውሃ መውረጃ እንደሚሠራላቸው ቃል ገብቼ ሰፈራቸውን እንዲስሉ ጠየቅኩ። ሰፈሩ ሁሉ "እማማ" የሚላቸው ጡረተኛ አዋላጅ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። "እዚህ ያላንኳኳሁት በር የለም!" ከዚያ ማን ያስቁማቸው። አንድ ልብስ ሰፊ ደግሞ ጎርፉ በየት በየት እንደሚገባ አሳየኝ። የከተማ ፕላን አምስት ዓመት ተምሬ ያላወቅኩትን በሁለት ሰዓት...

ጥቅምት 13

ካርታው አለቀ። የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ላይ የሌሉ አርባ አንድ ቤቶች ወጡ። ልብስ ሰፊው፣ "እነዚህን ባናሳይስ?" አለ። እማማ ተቆጡ። "ካልታየን የውሃ መውረጃው ማን ብሎ ይሠራልናል? ልጅቷ ቃል ገብታለች።"

ገብቻለሁ።

ጥቅምት 20

የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊዬ ካርታውን አየ። "እኛ በዓመት ያልሠራነውን! ጎበዝ!" ደስ አለኝ።

ኅዳር 4

ካርታው ኃላፊው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አርባ አንዱም ቤት ላይ ቀይ ምልክት።

"ሕገ ወጥ ናቸው፣ ይፈርሳሉ" አለ። "ራሳቸው ነገሩን እኮ።"

"ለውሃ መውረጃው ብለው ነው የሳሉት!"

"መውረጃው በየት የሚያልፍ መሰለሽ?"

ኅዳር 6

አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ?

ኅዳር 8

ዛሬም።

ኅዳር 11

ቤቶቹን አፈረሷቸው። ማስታወቂያው ትናንት አመሻሽ ላይ ነው የተለጠፈው። ስደርስ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ከፍርስራሽ ሥር በእጁ እየቆፈረ ነበር። ቀና ብሎም አላየኝ። እማማ አስፋልቱ ዳር አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ሳምንት... ሆነኝ።"

"ዕቃ እንኳ እናወጣ ነበር፣ ልጄ።"

ምነው በሰደቡኝ።

ታኅሣሥ 2

ሌላ ሰፈር። ኃላፊው "በዚያው ዘዴ" ብሎ ነው የላከኝ። ወረቀቱን ስዘረጋ አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት፣ "ቆይ፣ ከሳልን በኋላ ይሄ የት ነው የሚሄደው?" አለች።

ድሮ ቢሆን መልሱ አፌ ላይ ነበር። የወንዝ ዳሩን ነገርኳቸው። ሁሉንም። ሳምንት ሙሉ አፌን ይዤ መቀመጤንም። ግማሹ ተነስቶ ወጣ። አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ረገሙኝ። የቀሩት እርስ በርስ ተያዩ... ከዚያ ለራሳቸው ብለው ሳሉ። ሲጨርሱ ጠቅልዬ ለሴትየዋ ሰጠኋት።

ቢሮ ባዶ እጄን ገባሁ።

"ካርታውስ?"

"ባለቤቶቹ ጋ ነው።"

ኃላፊው በሩን ዝጊው አለኝ።