በአንቺ ስም ያበላሁት እንቁላል

ውድ እትዬ ቫኤሉፔ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከሴቶች ማኅበር ቤት ነው። ሰሌን ልሠራ ነው ብዬ ከቤት ወጣሁ፤ የጀመርኩትን ሰሌን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ወረቀቱን ከሥሩ ደብቄዋለሁ። ሰው ሲመጣ እጄ ሰሌኑ ላይ ነው፣ ሰው ሲያልፍ እጽፋለሁ። ደጋግሜ እየተነሣሁ መንገዱን አያለሁ፤ መቀመጥ አቅቶኛል። የፓስተራችን ሚስት ኔላ ነገ በጀልባ ተሻግራ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ዓርብ ብሪዝበን ትገባለች። ደብዳቤውን ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ፣ በእጅሽ እንድታስረክብሽ አስምያታለሁ።

ለምን አልደወልሽም እንዳትይኝ። ቤታችን ምሰሶና ጣሪያ እንጂ ግድግዳ እንደሌለው ረሳሽው እንዴ? እኔ ስልክ ሳነሣ ግማሹ መንደር ሰላም ይልሻል። በስልክ ጽፌ ብልክልሽም ልጅሽ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ታዳርሰዋለች። ባለፈው ጥርሴን አመመኝ ብዬሽ ከኦክላንድ ሳይቀር ምሕረቱን ያምጣልሽ ሲሉኝ ሰነበቱ።

ጉዳዩ የወንድምሽ ነው። የላክሽለት መርፌ ሠርቷል፤ ስኳሩም ወርዷል። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዱ ላይ የምወጋው እኔ ነኝ፤ እሱ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ መዝሙር ያንጎራጉራል፣ ልክ ያላወቀ ለመምሰል። አባታችሁ እግራቸውን ያጡት በዚሁ በሽታ ስለሆነ መርፌውን ያገኘሽለት ቀን እኔም አልቅሻለሁ። ስለዚህ መርፌውን እየከሰስኩ አይደለም።

የምከሰው አንቺን ነው፤ አትቆጪ።

ባለፈው ልትሄጂ ስትይ ወደቡ ላይ፣ ሻንጣሽ ተጭኖ፣ ሸኚው ሁሉ ቆሞ እያለ፣ ሆዱን በጣትሽ ወጋ አድርገሽ ምን እንዳልሽው ታስታውሻለሽ? «ስማ ላፋኤሌ፣ ተመልሼ እስክመጣ ከዚህች ከመዳፌ የበለጠ ምግብ አፍህ እንዳይገባ» አልሽው። ሰው ሳቀ። አንቺም እየሳቅሽ ጀልባው ላይ ወጣሽ። እሱ ግን አልሳቀም። እኛ ዘንድ እህት ያለችውን ወንድም እንደማያጥፍ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ብሪዝበን ኖረሽ ኖረሽ በእሱም የሚቀለድ መስሎሽ ነው እንጂ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚበላው መዳፍሽን የምታህል ነው፤ ያውም በቀን አንዴ። መርፌው ረሃቡን ስለወሰደለት ቃልሽን መጠበቅ አልከበደውም። ያቺ መዳፍ ላይ የሚያርፈውስ ምንድን ነው? የቤተሰቡ አለቃ ነውና የአሳማው ጀርባ ይቀርብለታል፣ ጮማው። ከጎደሬው ሁለት ጉርሻ፣ ከጮማው አንድ፤ ወዲያው ሆዱ ይገለበጥና እጁን ይታጠባል። እሱ ከታጠበ ደግሞ ማዕዱ ሁሉ ይነሣል። እሑድ እሑድ አጎታችሁ ፔኒ ጉርሻው አፋቸው ሳይደርስ ሳህኑ ሲወሰድባቸው ብታያቸው። «ፉአቲኖ ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን ጎትተው፣ «መርፌውን የሚወጋው እሱ፣ የምከሳው እኔ። ይሄ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?»

መንደሩ ግን ደስ ብሎታል። «አለቃ፣ ጎረምሳ ሆኑ እኮ» ይሉታል። እሱም ደስ ይለዋል። እኔ ሸሚዙን ሲያወልቅ ክንዱን አያለሁ። የሄደው ሆዱ ብቻ አይደለም። ያ ኮኮናት በአንድ ምት የሚፈልጥ ክንድ ቆዳው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ይህን ካየሁ ወዲህ እኔም ሰው አልሆንኩም፤ ድስት ጥጄ እረሳለሁ፣ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ባዶ እጄን እመለሳለሁ።

ቆይ፣ ሰው መጣ።

ሄደች። ጎረቤታችን ናት፤ ሰሌኔ ጠማማ ሆነ ብላ ስቃብኝ ሄደች። እውነቷን ነው።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ላፋኤሌ ጎደሬ ሊነቅል ወጥቶ ማሳው ላይ ወደቀ። ሰዎች ደግፈው አመጡት። ነርሷ ፎቱ መጥታ ስኳሩንም ግፊቱንም ለካች፤ ከዚያ ክንዱን ጨበጥ ጨበጥ አደረገችው።

«ዛሬ ምን በሉ፣ አለቃ?»

«አልራበኝም።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩዎት።»

የመለስኩላት እኔ ነኝ። ፎቱ ገና ልጅ ናት፤ ነገር ግን ስትቆጣ እንደ እናት ነው። «መርፌው ረሃብዎን ይውሰድ እንጂ ምግብዎን ውሰድ አልተባለም» አለችው። «ሰውነትዎ ሲያጣ የገዛ ጡንቻዎን ነው የሚበላው። ብዙ መብላት ካልቻሉ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ። መጀመሪያ ገንቢውን፤ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ባቄላ። ቀጥሎ አትክልቱን። ጎደሬው ይከተል። ጮማውን ለአጎትዎ ይተዉላቸው። ውሃ ይጠጡ። በሚቀጥለው ወር እንዲህ ሆነው ካገኘሁዎት ሐኪሙን ነግሬ መርፌውን አስቆማለሁ።»

መርፌው ቆሞ ስኳሩ ሲመለስ ምን እንደሚመጣ አንቺም እኔም አይተነዋል።

ነርሷ እንደወጣች እንቁላል ቀቅዬ አቀረብኩለት።

«የዛሬዬን በልቻለሁ» አለኝ።

«ፎቱ ያለችህን አልሰማህም?»

«ፎቱ ልክ ናት። እህቴ ግን እህቴ ናት።»

«እንግዲያው ደውልና ፍቀጂልኝ በላት።»

«ሰው እህቱ ዘንድ ደውሎ ራበኝ ይላል? ደግሞስ መች ራበኝ?»

ይኼኔ አፌ ቀደመኝ። «እሷው ደውላለች» አልኩት።

ቀና አለ። «መቼ?»

«አንተ ማሳ ሳለህ። ከእንግዲህ በቀን አራት ጊዜ ይብላ፣ ትንሽ ትንሽ፣ እንቁላሉንም ያስቀድም አለች።»

«የመዳፉስ ነገር?»

«አንስቼለታለሁ ብላለች።»

ጸለየና እንቁላሉን አነሣ። አፉ ውስጥ ምንም ጣዕም እንደሌለው ያስታውቃል፤ ቢሆንም የታዘዘውን ሥራ እንደሚሠራ ሰው ቀስ ብሎ እያላመጠ ጨረሰው። እኔ ዕቃ የማነሣ መስዬ ወደ ማብሰያው ቤት ሄጄ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝም ነበር፣ ፈርቼም ነበር።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ «ዛሬስ ምን አለች?» አለኝ። አንተ ተኝተህ ሳለ ደውላ የዓሣ ሾርባ ብላለች አልኩት። ሌላ ቀን ውሃ ጠጣ ብላሃለች፣ ሌላ ቀን ፓፓያ። የጎደሬ ቅጠሉን ያለ ኮኮናት ወተት ብላ አለች ያልኩት ጊዜ ጠረጠረ። «እህቴ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣትም» አለ። «ብሪዝበን ለውጧታል» አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ በላ።

እና ተሻለው፣ እትዬ። ትናንት ማሳው ድረስ ብቻውን ሄዶ መጣ። እሑድም ዓሣውን አስቀድሞ፣ እያረፈ፣ እየተጫወተ ሲበላ ማዕዱ ሳይነሣ ቆየ፤ ፔኒም ሁለተኛ ሳህን ደረሱ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀንቻለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ብላ፣ ጠጣ፣ እረፍ ስለው የኖርኩት እኔ ነኝ። የእኔ ቃል በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ያንቺ ስም ሲጠራ አፉን ይከፍታል። ግን ይህን ችዬዋለሁ፤ እህት ያለው ወንድ ሳገባ ዓይኔን ገልጬ ነው ያገባሁት። ያልቻልኩት ሌላ ነው። «ስለ ጉልበቴ ሕመምስ ጠየቀች?» ይለኛል በየማለዳው። «ጠይቃለች» እላለሁ። ፊቱ እንዴት እንደሚበራ አታውቂም። ከሄድሽ ወዲህ መርፌውን ሳታስተጓጉይ ልከሻል፤ ድምፅሽን ግን አልላክሽለትም። ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፣ ያለሽበት አገር ሰው ሲሮጥ እንደሚውልም ሰምቻለሁ። ነገር ግን ከአልጋው ያስነሣው ዓሣው ብቻ አይመስለኝም። አንቺ በየቀኑ የምታስቢው መስሎት ነው።

አሁን ያስጨነቀኝን ስሚ። ያን እሑድ ከምግቡ በኋላ ተነሥቶ ለቤተሰቡ እንዲህ አለ፦ «እህቴ በየቀኑ እየደወለች እያበላችኝ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሁላችሁም ባላችሁበት፣ ማዕዱ ላይ ደውዬ አመሰግናታለሁ።» ፔኒም «እኔም ምስጋና አለብኝ» አሉና ሰው ሁሉ ሳቀ። ከእኔ በቀር።

ስልኩን መካከል ያስቀምጠዋል። ሁሉም ይሰማል። አንቺ «የምን እንቁላል?» ካልሽ እኔ በዚህ ቤት ሁለተኛ የምታመን አይደለሁም። እሱ ይቅር፣ እችለዋለሁ። ላፋኤሌ ግን ያለ ቃልሽ እንደበላ ሲያውቅ ሳህኑን ይገፋል፤ ከዚያ በኋላ ፎቱም ብትመጣ ሐኪሙም ቢመጣ የሚያበላው የለም። ጠባዩን ታውቂያለሽ።

እንድትዋሺልኝ አይደለም የምለምንሽ። እሱ ሳይደውል ቀድመሽ ደውዪለት። «ወደቡ ላይ ያልኩህን አንስቻለሁ፤ ፉአቲኖ የምታቀርብልህን ብላ» በይው፣ በገዛ አፍሽ። ያን ካልሽ እኔ ያንቺን ቃል ቀድሜሽ ተናገርኩ እንጂ አልዋሸሁም። ልትቆጪኝ ብትፈልጊ ለብቻዬ ስሆን ተቆጪኝ፤ እሰማሻለሁ፣ መልስም አልሰጥም።

ደግሞ ስለ ጉልበቱ ጠይቂው። ስለ እንቁላሉ የተናገርኩት አይቆጨኝም፤ የሚቆጨኝ ሳትጠይቂ «ጠይቃለች» ያልኩት ነው።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከስልኩ አጠገብ የማልጠፋው፣

ፉአቲኖ