ባዶ መርፌ ስለተገኘባት ቤት

ለተከበሩ አቶ በቃሉ፣
የልዩ ልዩ ሕክምናዎች ቁጥጥር ዴስክ ኃላፊ፣
አሶሳ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኝልዎታለሁ፤ ወገብዎ ይጽና፣ አንገትዎ እንደልብ ይዙር፣ እንቅልፍዎም የሕፃን ይሁን። ይህን የምመኘው ለወግ ያህል አይደለም። ሦስቱንም ካጣኋቸው ሰንበትበት ስላልኩ ዋጋቸውን አውቃለሁ።

የዝናሽ እባላለሁ፤ ገበያው አጠገብ የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ ሴት ነኝ። ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚቆረጥም ሕመም ከያዘኝ ቆይቷል። ጎረቤት ብርድ ነው ቢለኝ ነጭ ሽንኩርቱንም ፌጦውንም ቀመስኩ። ራጅ ተነሣሁ፣ ደም ሰጠሁ፤ የሁሉም መልስ ምንም የለብሽም ሆነ። ምንም የሌለብኝ ሰው ግን ሸሚዜን ለመልበስ ሰው እጠራ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ፋይብሮማያልጂያ ይባላል፣ በራጅም በደምም የማይታይ እውነተኛ ሕመም ነው ብሎ ስም አወጣለት፤ ክኒንና እንቅስቃሴም አዘዘልኝ። እሱን እግዜር ይስጠው፤ ግማሹን መንገድ አደረሰኝ።

በቀረው መንገድ ያገዘችኝ ሀዲል ናት፤ ጦርነት ከሱዳን አፈናቅሎ ያመጣብን፣ ወይም ያመጣልን፣ የአኩፓንክቸር ባለሙያ። ቀጫጭን መርፌዎች ገላ ላይ ትሰካለች፣ ጥቂት ታቆይና ትነቅላለች። ጆሮ ላይ የምታደርጋቸውን ኢምንቶቹን ግን ምስር በምታህል ክብ ፕላስተር ሸፍና ለቀናት ትተዋቸዋለች። «እኔ አያድንም፤ ሕመም ትንሽ ያደርጋል» ትላለች በአማርኛዋ። እንዳለችውም ትንሽ አደረገችልኝ። እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እግሬም የስፌት መኪናዬን እንደገና ረገጠ።

እርስዎም ባለፈው ሰኞ ቤቷን አሸጉ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ስለ ተቆጣጣሪዎችዎ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። መርፌዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሡ ፈሳሽ ፈለጉ፤ ቢያጡ ጊዜ፣ መድኃኒት በሌለው ባዶ መርፌ ሕዝብን ማታለል ብለው ጻፉ። አልፈርድባቸውም። እኛ ከመንጌ ወረዳ ድረስ መጥተን ክኒን ብቻ ቢሰጡን መርፌዬስ ብለን የምንቆጣ፣ ካልተወጋን ታከምን የማንል ሰዎች ነን፤ የወጋ ሁሉ ደግሞ አንድ ነገር ማስገባት አለበት። ሀዲል ሕክምናው መርፌው ራሱ ነው ብላ ብታስረዳ፣ ታዲያ መድኃኒቱን የት ደበቅሽው ተብላ ተፈተሸች። ትራሷን ሳይቀር ቀደው አዩ። መልሼ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በባዶ መርፌ። እኔ ቤትም ብዙ ስላለ፣ ሲመቻቸው ጎራ እንዲሉ በአክብሮት እጋብዛለሁ።

፪ኛ. ፈቃድ የላትም ማለትዎ እውነት ነው፤ ይህን አልክድም። ፈቃድ ልትጠይቅ ስትመጣ ግን ከዘመናዊው ክፍል ወደ ባህላዊው ላኳት፤ ባህላዊው ደግሞ ቅጠልሽን አምጪ እያለ ሲመልሳት ከረመ። ከየት ታምጣ? አንድ እፍኝ ዳማከሴ ይዛ ገብታ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ፈቃዷ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ስላልዋሸች ተቀጣች፤ ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን።

፫ኛ. ቤቷን ባሸጉ ማግስት በቀበሌው ስብሰባ ቆመው፣ ይህ ሕመም ሥራ የፈቱ ሴቶች ሐሳብ የወለደው ነው፣ መርፌውም የሚሠራው ሞኝ ላይ ብቻ ነው ስላሉን፣ ካርድ እንኳ ሳያስወጡ ስለመረመሩኝ እጅ እነሣለሁ። እዚህ ላይ ቀልዴን ላቁም፤ ተናድጃለሁ። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ የተቆረጠው ጨርቅ ተቆልሏል፣ እግሬ መኪናውን መርገጥ እንደገና እያቃተው ነው። ሐሳብ የወለደው ቢሆንማ የተሻለ ነገር ባሰብኩ ነበር።

ልመናዬ አጭር ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ሀዲልን ይፈትናት፣ የመርፌዎቿም ንጽሕና ይታይ። ካለፈች ይክፈቱላት፤ ከወደቀች የማሸጊያውን ወረቀት እኔው መጥቼ እለጥፍልዎታለሁ።

በባጃጅ በሄድኩ ቁጥር፣ መንገዳችን ባነጠረኝ ልክ ውለታዎን በየመገጣጠሚያዬ የማስታውስ፣
ትሑት ባለጉዳይዎ
የዝናሽ፣ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ምንም የለብህም፣ ምንም የለብሽም ለተባሉ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚያ ስብሰባ የተቀመጥኩት ፊት ለፊትዎ ነበር። ወደ ቀኝ ዘወር ባሉ ቁጥር በግራ ጆሮዎ ላይ ምስር የምታህል ክብ ፕላስተር ትታየኝ ነበር፤ እኔም አንዲት ስላለችኝ ወዲያው አወቅኋት። አንገትዎ እንደልብ ሲዞር አይቼ ስለ ሁለታችንም ሞኝነት ተመስገን አልኩ። ሆኖም መርፌዋ በጊዜዋ ካልወጣች ጆሮ ታቆስላለችና፣ ለጤናዎ ስለምሳሳ ይህን ላስታውስዎት፦ የምትነቀልበት ወረንጦ ያለው እርስዎ ያሸጉት ቤት ውስጥ ነው።