በጆሮዬ ውስጥ ለሚጮኸው ድምፅ ሁለት ምስክር እንዳቀርብ ስለ መታዘዜ

ለክቡር ግራዝማች አድማሴ ደሴ
የሰሜን ደጋ መንገድ ጥገና ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ የኮሶዬ ጭጋግ ወደማይደርስበት ቢሮዎ ሲገባ በሙሉ ጤና፣ በተለይም በሙሉ የመስማት ጤና፣ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ለአንድ ዓመት ከሰባት ወር ያለ ዕረፍት ከሚጮኸው ጆሮዬ በቀር ደኅና ነኝ። ቀደም ሲል የጻፍኋቸው አራት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤትዎ በክብር ተኝተው እንደሚገኙ ስለማምን፣ እነሱን ከእንቅልፋቸው ላለመቀስቀስ ስል አምስተኛውን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምሬ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በኮሶዬ ካምፕ በቀያሽነት አገለግላለሁ። ዓለቱ በድማሚት ሲናድ ከመቶ እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ቆሜ ልኬቴን እመዘግባለሁ። በኅዳር ወር ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. ከአንድ ብርቱ ፍንዳታ በኋላ፣ ነፋስ የመታው ቀጭን ሽቦ የሚያሰማውን የመሰለ ፉጨት ወደ ጆሮዬ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም። በዚህ ምክንያት ከጽሕፈት ቤትዎ የተደረጉልኝን ውለታዎች በተራ ቍጥር ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

አንደኛ፤ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ጆሮዬ ሳያቋርጥ ጭው ይላል» ብዬ አመለከትሁ። የደረሰኝ መልስ «ያሉበት ሥፍራ ጭው ያለ መሆኑን ጽሕፈት ቤቱ ስለ ተረዳ፣ ብቸኝነቱ እንዲቀልልዎ ትዳር እንዲይዙ ይመከራሉ» የሚል ነበር። አንድ ቃል ለሚጮኽ ጆሮም፣ ሰው ለሌለበት ምድርም ማገልገሉ የቋንቋችን ቍጠባ እንጂ የጸሐፊዎ ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ስሕተቱን ባጣራሁት ቍጥር ስሕተትነቱ እየቀነሰብኝ ሄዷል። እሑድ ቀን ሠራተኞቹ ወደየመንደራቸው ሲበተኑ፣ ማኪናዎቹም ሲቆሙ፣ በቆርቆሮ ቤቴ ተቀምጬ የትኛው ጭውታ ከውስጤ፣ የትኛው ከውጭ እንደሚመጣ ለመለየት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም። የካምፑ ወጥ ሠሪ ወይዘሮ ትርንጎ ጆሮ የሚጮኸው በሩቅ ያለ ሰው ስም ሲያነሣ ነው ትላለች። እውነት ከሆነ፣ በዚህ አገር ውስጥ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ወሮች ስሜን ከአፉ ያልነጠለ አንድ ሰው አለ ማለት ነው፤ ምነው ታዲያ አንድ ቀን እንኳ ደብዳቤ ቢጽፍልኝ!

ሁለተኛ፤ ቃሉ እንዳያሳስት በማለት በሁለተኛው ደብዳቤዬ የሕመሙን ምክንያቶች ዘርዝሬ አቀረብሁ። በጎንደር የመረመሩኝ ሐኪም በጆሮዬ ውስጥ ኩክ አለመኖሩን፣ ታምቡሩም አለመቀደዱን አይተው፣ የተጎዳው ድምፅን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ እንደሆነ ነግረውኛል። ይህን ነርቭ የሚጎዱት፣ እንደ እርሳቸው አገላለጽ፣ ድንገተኛ ፍንዳታና ለዓመታት የዘለቀ የማኪና ጩኸት፣ በብዛት የተወሰደ የወባ ኪኒን፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጥ አንዳንድ መርፌ፣ በራስ ላይ የደረሰ ምት፣ የማጅራት ገትር በሽታ፣ እንዲሁም እርጅና ናቸው፤ በዘር የሚወርድበትም ጊዜ አለ። እኔም ራሴን ሳላዳላ መረመርሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ ነው፤ ከዘመዶቼ የደነቈረ የለም፤ መርፌውን አልተወጋሁም። በቆላው በሳንጃ ቅየሳ ላይ ሳለሁ ግን የወባ ኪኒን መዋጤን አልደበቅሁም። ሐኪሙ በኪኒን የሚመጣው ጩኸት ብዙውን ጊዜ ኪኒኑ ሲቆም አብሮ እንደሚቆም ነገሩኝ፤ የእኔው የጀመረው ከሳንጃ በተመለስሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ድማሚቱ በፈነዳ በዚያው ቅጽበት ነው። ስለዚህ ምክንያቱ ድማሚት ብቻ ነው ብዬ አልምልም፤ ድማሚቱ የለበትም ብሎ የሚምል ሰው ካለ ግን አንድ ቀን አጠገቤ መጥቶ እንዲቆም እጋብዘዋለሁ።

ለዚህ ዝርዝር የተሰጠኝ መልስ «ድምፁን አብረው የሰሙ ሁለት ምስክሮች ይቅረቡ» የሚል ነበር። ከእኔ በቀር ማንም ለማይሰማው ድምፅ ምስክር መጠየቅ ምን ያህል የጠለቀ የሕግ ዕውቀት እንደሚፈልግ አላጣሁትም። ሆኖም አንድ ምስክር አግኝቼ ነበር። አያ ባዬ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድማሚት ያጠመዱ፣ የዚያው የኮሶዬ ሰው ናቸው። በምሳ ሰዓት ከዓለቱ ጥግ አብረን እንቀመጥ ነበር። «ምነው ቀያሹ፣ የእኔስ ፌንጣ ነው የሚጮኸው፤ የአንተው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሽቦ ነው ስላቸው «አይ የተማረ ሰው! ጆሮው እንኳ ቴሌግራም ይቀበላል!» ብለው እስኪያስላቸው ሣቁ። በሕይወቴ ስለ ጆሮዬ የሣቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የምስክሩን ነገር ስነግራቸውም «ሸጋ! መስቀል ጨብጬ እመሰክርልሃለሁ፤ ብቻ ጮኽ ብለው ይጠይቁኝ» አሉ።

ሦስተኛ፤ እኚሁ ሐኪም በፍንዳታ የተጎዳ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑንና ስለታሙን ድምፅ እንደሆነ ስላስረዱኝ፣ ፍንዳታ ከመድረሱ በፊት ሠራተኛው እንዲሸሽ የሚነፋው ፊሽካ አሳሰበኝ። የካቲት ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. አያ ባዬን ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙሬ፣ ከኋላቸው በአርባ እርምጃ ላይ ሦስት ጊዜ ፊሽካ ነፋሁ፤ አልዞሩም። ባዶ በርሜል በዱላ ስመታ ግን ወዲያው ዞሩ። በማግስቱ በሦስተኛው ደብዳቤዬ፣ ከፊሽካው ጋር ቀይ ጨርቅ በረጅም እንጨት ላይ እንዲውለበለብ ለመንሁ፤ ጆሮው የተጎዳ ሰው ዓይን አለውና። ጽሕፈት ቤቱ ፊሽካው ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ዕቃ በመሆኑ ጉድለት ሊኖርበት እንደማይችል ገለጸልኝ። እውነት ነው፤ ፊሽካው ምንም ጉድለት አልነበረበትም።

አራተኛ፤ መጋቢት ፬ ቀን አያ ባዬ ጐንበስ ብለው ገመድ ሲጠቀልሉ፣ ሌሎች ላጠመዱት ድማሚት ፊሽካው ተነፋ። እኔ በማዶ ሆኜ እጄን አወዛወዝሁ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስለ ነበር አላዩኝም። ጽሕፈት ቤትዎ ባወጣው ባለ ሦስት መስመር ማስታወቂያ የሞታቸው ምክንያት «ፊሽካ ሦስት ጊዜ ተነፍቶ ሳለ ባለመታዘዝ» ተብሎ ተጽፏል። ማስታወቂያው በካምፑ በር ላይ ስለ ተለጠፈ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ እንኳየሁ በሰው አስነብበው ሰሙት። ወደ እኔ መጥተው «ምነው ልጄ፣ ባዬ ለበሬው እንኳ እሺ የሚል ሰው አልነበረም ወይ? ማንን ነው አልታዘዝም ያለው?» ብለው ጠየቁኝ። ምላሹን በጽሑፍ ከጽሕፈት ቤቱ እንደምጠይቅላቸው ቃል ገባሁ። በአራተኛው ደብዳቤዬም ጠየቅሁ። ሦስት ወር አለፈ፤ እርሳቸውም በየሳምንቱ እየመጡ ከደጄ ቆመው ይመለሳሉ። መልስ አልመጣም ማለቱ ስለ ሰለቸኝ፣ ከሩቅ ሲያዩኝ ራሴን ብቻ እነቀንቃለሁ።

ክቡር ሆይ፤ ጆሮዬ እንዲድን አልጠይቅም፤ ሐኪሙ ተስፋውን አላበዙልኝም፤ እኔም ከሽቦው ጋር መኖርን እየተማርሁ ነው። የምጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከዚያ ማስታወቂያ ላይ «ባለመታዘዝ» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ባለመስማት» ይባል፤ ፊደሉ እምብዛም ስለማይበዛ ጸሐፊዎን አያደክምም። ቀዩ ጨርቅም ይፈቀድ። እስኪፈቀድ ድረስ ግን ወይዘሮ እንኳየሁ ከገዛ መቀነታቸው ቀድደው ያቀለሙትን ቁራጭ እንጨት ላይ አስሬ ራሴ እያውለበለብሁ ስለምገኝ፣ ያለ ፈቃድ በመንግሥት ሥራ ላይ ጨርቅ በማንሣት ሊያስከስሰኝ የሚችለውን አንቀጽ ከወዲሁ እንዲፈልጉልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

ስለ ምክርዎ፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ይልቁንም ጆሮን ከማያስቸግረው ስለዚያ ረጅም ዝምታዎ እያመሰገንሁ፣ በእርስዎ ሥር ካሉት መካከል ገና ጥቂት መስማት የቀረልኝ ትሑት አገልጋይዎ ነኝ።

ቢያዝን ክንዱ
ቀያሽ፣ ኮሶዬ ካምፕ
ሰኔ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ግልባጭ፤
ለማንበብ ለሚችል ሁሉ
ለወይዘሮ እንኳየሁ፣ በሚያነብላቸው ሰው በኩል

ማስታወሻ፤ ከተጠየቁት ሁለት ምስክሮች አንዱ ስለ ተቀበሩ ሁለተኛውን ሳፈላልግ ቆይቻለሁ። ግንቦት ፳ ቀን ለጕብኝት መጥተው፣ በወጣትነትዎ ከመድፍ አጠገብ ስላሳለፏቸው ዓመታት ለሠራተኞቹ አለቃ ለካቦው ሲያወጉ፣ ፍንዳታ በሌለበት ሰዓት ከጀርባዎ በሠላሳ እርምጃ ላይ ቆሜ ያንኑ ፊሽካ ሦስት ጊዜ ነፋሁ። ካቦው ዞረ፤ ሾፌርዎ ዞረ፤ የታሰረችው በቅሎ እንኳ ጆሮዋን አቆመች። ክቡርነትዎ ወግዎን ቀጠሉ። በመዝገቤ ላይ «አልሰሙም» ብዬ ጽፌአለሁ፤ «አልታዘዙም» ብዬ አልጻፍሁም።